የብረት ማዕድን ባቡርን ፎቶ ማንሳት፦ ከኪሩና እስከ ናርቪክ

በሰሜን ስዊድን፣ ቶርኔትሬስክ ከተባለው ሐይቅ ዳር ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው የማዕድኑ ባቡር ከመታየቱ በፊት ይሰማል። መጀመሪያ የሩቅ ነጎድጓድ ይመስላል። ቀጥሎ የፊት መብራቶቹ ከተራራው ጥግ ብቅ ይላሉ፤ ከዚያ ሁለት ሆኖ የተጣመረው ሎኮሞቲቭ፣ ከኋላውም 68 ፉርጎ ተራ በተራ። ከጫፍ እስከ ጫፍ 750 ሜትር ገደማ ነው። ጭነቱን ይዞ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በፊታችሁ አልፎ ለመጨረስ 45 ሰከንድ ይበቃዋል። ፎቶ አንሺው ግማሽ ቀን የሚጠብቀው ለእነዚህ 45 ሰከንዶች ነው።

ይህን ባቡር ፎቶ ማንሳት የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ካሜራ ነው። እኔ በዚያ ሀዲድ አካባቢ ስመላለስ የተማርኩት ግን የፎቶው ሥራ ከሞላ ጎደል ባቡሩ ሳይመጣ እንደሚያልቅ ነው። ባቡሩ ምን እንደጫነ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ በዚያ ሰዓት ፀሐይ በየት በኩል እንደምትሆን፣ እናንተስ የት መቆም እንደሚፈቀድላችሁ አስቀድማችሁ ካወቃችሁ፣ ቀሪው ጣት መጫን ነው። በስልክ ካሜራ እንኳ ግሩም ፎቶ ይዘው የተመለሱ ሰዎች አይቻለሁ። ስለዚህ ከካሜራው በፊት ስለ ባቡሩ እንነጋገር። (ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን፣ ሰዓቶቹ እንደ እኛ አቆጣጠር ናቸው።)

በሰሜን ስዊድን ከተሞች በኪሩና እና በጌሊቫሬ ዙሪያ ያለው የብረት ማዕድን ከብዙ ዘመን ጀምሮ ይታወቅ ነበር። ችግሩ ከዚያ ርቀት አውጥቶ ወደ ባሕር ማድረሱ ነበር። የመጀመሪያው የሀዲድ ክፍል ከስዊድኑ የሉሌዮ ወደብ ተነስቶ በ1888 ጌሊቫሬ አካባቢ ደረሰ። የሠራው የእንግሊዝ ኩባንያ ከስሮ መስመሩን የስዊድን መንግሥት ገዛው። የሉሌዮ ባሕር ግን በብርዱ ወራት በረዶ ይሆናል። ከተራሮቹ ማዶ፣ በኖርዌይ ጠረፍ ያለችው ናርቪክ ከሉሌዮ ይልቅ ወደ ሰሜን የራቀች ሆና ሳለ፣ ከአትላንቲክ የሚመጣው ሞቃት ውኃ ስለሚደርሳት ወደቧ ዓመቱን ሙሉ ለመርከብ ክፍት ነው። ስለዚህ ሀዲዱ ተራራውን አቋርጦ በ1902 ናርቪክ ገባ፤ በ1903 ሐምሌ ላይ ንጉሥ ዳግማዊ ኦስካር መረቁት። በዚያው በ1902 መጨረሻ ከጅቡቲ የተነሳው የእኛ ሀዲድ ድሬዳዋ ደርሷል። ድሬዳዋን ባቡር እንደቆረቆራት ሁሉ ናርቪክንም የቆረቆራት ባቡር ነው። ይህን ሳስብ ያ የሩቅ ሰሜን መስመር ባዕድ አይሆንብኝም።

ከኪሩና እስከ ናርቪክ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከኪሩና እስከ ድንበሩ ያለው ክፍል በ1915 የኤሌክትሪክ መስመር ተዘርግቶለታል፤ ያኔ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ከባድ ጭነት በኤሌክትሪክ የሚጎትት ባቡር ብርቅ ነበር። ዛሬ የሚጎትተው ጥንድ ሎኮሞቲቭ ብቻውን 360 ቶን ይመዝናል፤ ጉልበቱ 10,800 ኪሎ ዋት ነው። እያንዳንዱ ፉርጎ 100 ቶን ይጭናል። በእኛ አገር ስሌት አንድ ፉርጎ 1,000 ኩንታል ያዘ ማለት ነው። ከነተሳቢው 400 ኩንታል የሚጭን መኪና ብናሰልፍ አንዱን ባቡር ለመተካት 170 መኪና ያስፈልገናል።

የተጫነው ምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ እንክብል ነው። ከመሬት በታች የወጣው ድንጋይ ተፈጭቶ፣ ብረቱ ተለይቶ፣ ተጠቅልሎና ተጠብሶ ከሽምብራ ፍሬ የማይርቅ ጥቁር ግራጫ ክብ ይሆናል። ይህ ለፎቶ ትርጉም አለው። ፉርጎዎቹ ክዳን ስለሌላቸው ከጎን ብታነሷቸው ሙሉውም ባዶውም አንድ ዓይነት ሳጥን ነው። ከፍ ካለ ቦታ ብታነሱ ግን በየፉርጎው የተከመረው ጭነት ይታያል፤ ባቡሩ ለምን እንዲያ እንደሚያጓራ ፎቶው ራሱ ይናገራል። ሙሉው ወደ ናርቪክ ይወርዳል፣ ባዶው ወደ ኪሩና ይመለሳል። ይህን ሳያውቅ የሄደ ሰው ቀኑን ሙሉ ባዶ ፉርጎ አንስቶ ሊመለስ ይችላል።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። መስመሩ አብዛኛው ነጠላ ሀዲድ ነው። ስለዚህ የሚወጣውና የሚወርደው ባቡር የሚተላለፉት መተላለፊያ ባለባቸው ጣቢያዎች ላይ ብቻ ነው፤ አንዱ ገብቶ ቆሞ ይጠብቃል፣ ሌላው ያልፋል። ባዶ ባቡር መተላለፊያ ውስጥ ቆሞ ካያችሁ ከቦታችሁ አትነሱ። ሌላ ባቡር እየመጣ ነው፤ ምናልባትም ሙሉው። ሁለቱን ጎን ለጎን፣ ባዶውን ከሙሉው ጋር በአንድ ፎቶ ማግኘት የሚቻለው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ብርሃኑ እንምጣ። ለእኔ የነገሩ ሁሉ ልብ እሱ ነው።

ሀዲዱ ከኪሩና ተነስቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ ያቀናና 70 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው በቶርኔትሬስክ ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ ይጓዛል። ስለዚህ ሐይቁ ከሀዲዱ በስተሰሜን፣ ከፍተኞቹ ተራሮች በስተደቡብ ናቸው። ቀን ላይ ፀሐይ በደቡብ ናት። በተራራው በኩል ከፍ ብላችሁ ብትቆሙ ፀሐይዋ ከጀርባችሁ፣ ባቡሩ ከፊታችሁ፣ ሐይቁም ከባቡሩ ማዶ ይሆናል። ቀላሉና የማያሳፍረው ፎቶ ይህ ነው።

አስቸጋሪው ሌላኛው ነው። በሐይቁ ዳር ካለችው ከአቢስኮ አጠገብ ሁለት ተራሮች አሉ፤ በመካከላቸው ያለው ሸለቆ በትልቅ ማንኪያ የተዛቀ ይመስላል። ስዊድኖች ላፖርተን፣ ማለትም የላፕላንድ በር ይሉታል፤ የአገሩ ባለቤቶች ሳሚዎች ቹኦኛቫጊ፣ የዝይ ሸለቆ ብለው ይጠሩታል። ባቡሩን ከዚህ በር ፊት ለፊት ለማንሳት የማይመኝ የለም። ግን በሩ ከሀዲዱ በስተደቡብ ስለሆነ ቀን ላይ ካሜራችሁ በቀጥታ ወደ ፀሐይ ይዞራል። ተራራው ጥላ ይሆናል፣ ባቡሩም ጥቁር መስመር ሆኖ ይቀራል።

መፍትሔውን የሚሰጠው የሰሜኑ በጋ ነው። በኪሩና አካባቢ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ፀሐይ አትጠልቅም። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ወደ ሰሜን ምዕራብ ዞራ ከአድማስ ትንሽ ከፍ ብላ ትንሸራተታለች። ያኔ ብርሃኑ የሚመጣው ከሐይቁ በኩል ነው። በሐይቁ ወገን የቆመ ሰው ፀሐይዋን ከጀርባው አድርጎ ወደ ደቡብ ይመለከታል፤ ቀን ላይ ጥላ የነበረው ተራራ ፊቱ በርቶ ያገኘዋል። አገር ቤት የለመድነው ብርሃን ሌላ ነው። ፀሐይ ከወጣች ብዙም ሳይቆይ አናት ላይ ትሆናለች፣ ፎቶ አንሺ የሚወደው ለስላሳ ብርሃን ጠዋትና ማታ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። እዚያ ግን ያ የማታ ብርሃን ለሰዓታት ይቆያል።

በአንድ የሰኔ ምሽት በዚህ አካባቢ ተቀምጬ ነበር። ሁለት ባቡር ደመና ሥር አለፈ፤ ሦስተኛው ሲመጣ ደመናው ከሰሜን በኩል ተገለጠ። ብርሃኑ ዝቅ ብሎ ስለመጣ የፉርጎዎቹ ጎን ላይ ያለው እያንዳንዱ ጭረት፣ ዝገትና የአቧራ ሽፋን ለየብቻ ይታይ ነበር። የኤሌክትሪክ ምሰሶዎቹ ጥላ በፉርጎዎቹ ላይ አንድ በአንድ እያለፈ ይሄዳል። ከአንድ ፉርጎ ጠርዝ ጥቂት እንክብል ተንከባሎ ጠጠሩ ላይ ሲወድቅ አየሁ። አጫጭር የበርች ዛፍ በሚበዛበት በዚያ አገር ያ ብረት የተሸከመ ሰንሰለት በተራሮቹ ሥር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ባቡሩን ካሜራውን እስኪሞላ ድረስ አቅርቤ አላነሳም። ርዝመቱ የሚታወቀው ከአገሩ ጋር ሲታይ ነው፤ ሎኮሞቲቩ ብቻ የተነሳበት ፎቶ የትም አገር ሊሆን ይችላል።

የኖርዌይ በኩል ጠባዩ ሌላ ነው። ድንበሩ ላይ ሀዲዱ ከባሕር ወለል ከ500 ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ በ43 ኪሎ ሜትር ውስጥ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ሙሉው ባቡር በዚህ ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሮቹ ራሳቸው ፍሬን ይሆናሉ። ኤሌክትሪክ እያመነጩ ወደ ሽቦው ይመልሳሉ፤ ወደ ላይ የሚወጣውን ባዶ ባቡር የሚያግዘውም ይኸው ኃይል ነው። ሀዲዱ በሮምባክ ፊዮርድ ገደል ላይ ተለጥፎ ከዋሻ ወደ ዋሻ ይገባል። ጎን ለጎኑ ሀዲዱን የዘረጉ ሠራተኞች የተጠቀሙበት አሮጌ መንገድ ዛሬም የእግረኛ መንገድ ሆኖ አለ። ለፎቶ አንሺ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም፤ ብዙ ቦታ ከሀዲዱ ተለይቶ እያለ ወደ ሀዲዱ ያሳያል። ኖርዳል በተባለው ቦታ ያለው 180 ሜትር የሚረዝም የብረት ድልድይም ከዚሁ መንገድ ይታያል። በ1988 መስመሩ ሲቀየር ባቡር ማስተላለፉ ቀረ፤ ድልድዩ ግን ቆሟል።

ስለ ብርድ ወራት። ኪሩና ላይ ከታኅሣሥ ሁለተኛ ሳምንት ጀምሮ እስከ አዲሱ ዓመት መግቢያ ድረስ ፀሐይ አትወጣም። ጨለማ ብቻ ነው ማለት ግን አይደለም። እኩለ ቀን ላይ ለጥቂት ሰዓታት ሰማዩም በረዶውም ሰማያዊ ይሆናሉ፣ የባቡሩ መብራት ብቻ ቢጫ ሆኖ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ፎቶ በሌላ ወቅት ማግኘት አይቻልም።

በረዶ ላይ የሚያጋጥም አንድ ስህተት አለ። ካሜራ የሚያየው ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ይመስለዋል። አገሩ በሙሉ ነጭ ሲሆን ብርሃኑ በዛ ብሎ ይቀንሰዋል፤ በረዶው አመድ መስሎ ይወጣል። በካሜራው ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ፈልጋችሁ ወደ መደመር አንድ ወይም አንድ ተኩል ደረጃ ውሰዱት። በስልክ ከሆነ ባቡሩ የሚያልፍበትን ቦታ በጣት ነክታችሁ ብርሃኑን ትንሽ ከፍ አድርጉት።

ባትሪ በብርድ ቶሎ ይደክማል። ሁለተኛውን በውስጥ ኪሳችሁ፣ ከሰውነታችሁ ሙቀት አጠገብ ያዙት፤ የደከመው ደግሞ ሲሞቅ ጥቂት ይመለሳል። ከባትሪው የሚብሰው ግን ወደ ቤት መግባቱ ነው። ከውጭ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ላይ ሰዓታት የቆየ ካሜራ ድንገት ሞቅ ያለ ክፍል ሲገባ፣ ከማቀዝቀዣ የወጣ ጠርሙስ እንደሚያልበው ያልበዋል። ውኃው ሌንሱ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። እኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ ያነሳሁትን ለማየት ቸኩዬ ካሜራውን እንደያዝኩ እንግዳ ማረፊያው ሳሎን ገባሁ፤ በማግስቱ ሌንሱ ከውስጥ ጭጋግ ይዞት ግማሽ ቀን ያለ ሥራ ቀረሁ። መፍትሔው ቀላል ነው። ደጅ እያላችሁ ካሜራውን አየር በማያስገባ ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ግቡ፤ ፌስታሉ ውስጥ እንዳለ ቀስ ብሎ ይሙቅ። ላቡ ፌስታሉ ላይ ይቀራል።

ፍጥነቱን በተመለከተ ሒሳቡ አጭር ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ባቡር በ1/125 ሰከንድ ውስጥ 13 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል፤ በ1/1000 ሰከንድ ውስጥ ግን 2 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከጎን ሆናችሁ ስታነሱ ወደ 1/1000 ተጠጉ። ባቡሩ ወደ እናንተ አቅጣጫ ሲመጣ ወይም ሩቅ ሲሆን 1/500 ይበቃል። ብርሃን ሲያጥር ደግሞ ሐሳቡን ገልብጡት፦ ወደ 1/30 አውርዳችሁ ካሜራውን ከሎኮሞቲቩ ጋር እኩል አዙሩ። ሎኮሞቲቩ ጥርት ይላል፣ በረዶው እንደ ክር ይሳባል። አሥር ሞክራችሁ አንዱ ከወጣላችሁ መልካም ነው።

የቆምንበት ቦታ ጉዳይ ከሁሉ ይብሳልና ረጋ ብለን እንየው። በስዊድንም በኖርዌይም ማንም ሰው በዱሩና በተራራው የመዘዋወር መብት አለው። ይህ መብት ሀዲዱን አይጨምርም። ከተፈቀደ መሻገሪያ ውጪ ሀዲድ ላይ መውጣት፣ በሀዲድ ላይ መሄድ፣ ለፎቶ ብሎ መሐል ላይ መቆም በሕግ የተከለከለ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። 8,500 ቶን የሚጠጋ ባቡር ነጂው ቢያያችሁ እንኳ ቶሎ ሊቆም አይችልም። ነፋስ በተቃራኒው ሲነፍስና በረዶ ድምፁን ሲውጠው ደግሞ፣ በጸጥታ የሚመጣ ባቡር ጀርባችሁ ላይ ሊደርስ ይችላል። መግቢያዬ ላይ ባቡሩ አስቀድሞ ይሰማል ያልኩት አየሩ ረጋ ላለበት ቀን ነው፤ ሕይወታችሁን በጆሯችሁ ላይ አትጣሉ።

ሽቦውም አለ። ከሀዲዱ በላይ የተዘረጋው 15,000 ቮልት ይሸከማል። ይህን ያህል ኃይል ሳይነኩትም ቢጠጉት ሊዘል ይችላል። የካሜራ መቆሚያና የሰልፊ ዘንግ ሽቦው አጠገብ ከፍ አይደረግም፤ የቆመ ፉርጎ ላይ መውጣት ደግሞ ሞት ነው። ነጂው ፊት ላይ ፍላሽ አታብሩ፣ ዓይኑን ያጭበረብረዋል። አጋዘኖች በሀዲዱ ዙሪያ ካያችሁ ወደ ሀዲዱ እንዳታስደነግጧቸው ባላችሁበት ቆዩ። ባቡር የሚገድለው አጋዘን የሳሚ አርቢ ቤተሰብ ሀብት ነው።

ይህን መስመር ካሜራ ይዞ የተከተለው የመጀመሪያው ትውልድ የእኛን ምቾት አላየም። ቦሪ ሜሽ የተባለው ፎቶ አንሺ በ1899 ኪሩና መጥቶ ሥራውን ጀመረ፤ ያኔ ከተማዋ ገና አልተመሠረተችም። ከባድ ካሜራና የመስታወት ሳህን ተሸክሞ በተራራው እየዞረ ሀዲድ ዘርጊዎቹን፣ ማዕድን ቆፋሪዎቹን፣ ሳሚዎቹን አነሳ። በ1956 ሲሞት የአንድ ከተማና የአንድ ሀዲድ ልደት በፎቶ ተመዝግቦ ቀርቷል። ሥራዎቹን ሳይ የምቀናው በባቡሩ ፎቶ አይደለም። ሰዎቹን ስላነሳ ነው፤ ዶማ ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ጭቃ እንደለበሱ ካሜራውን የሚያዩትን። ቶርኔሃምን በተባለው ቦታ ከሀዲዱ ብዙም ሳይርቅ የነዚያ ሠራተኞች መቃብር አለ። በዚያ የሚያልፍ ፎቶ አንሺ ባቡሩን ከማንሳቱ በፊት ጥቂት ቢቆምበት እወዳለሁ። በእኛም አገር ድሬዳዋ፣ አዋሽ፣ ሞጆ ውስጥ አባቱ ወይም አያቱ ከሎኮሞቲቭ አጠገብ ቆሞ የተነሳው ፎቶ ሳጥን ውስጥ ያለው ቤተሰብ ብዙ ነው። ያ ፎቶ ታሪክ ነው።

ታሪክ የምለው በምክንያት ነው። ኪሩና ላይ ማዕድኑ ከከተማዋ ሥር ወደ ታች ስለሚገባ፣ በተቆፈረ ቁጥር መሬቱ ይሰነጠቃል። በዚህ የተነሳ በከተማዋ በኩል ያልፍ የነበረው ሀዲድ በ2012 ወደ ሌላ አቅጣጫ ተዛወረ፤ አዲሱ የከተማ መሐል በ2022 ተከፈተ፤ በ2025 ነሐሴ ደግሞ 672 ቶን የሚመዝነው የእንጨት ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ተነስቶ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ። ከ2012 በፊት በአሮጌው ጣቢያ የተነሳ ማንኛውም ተራ ፎቶ ዛሬ ዳግም ሊነሳ አይችልም። መስመሩም ራሱ ዋስትና የለውም። በ2023 ታኅሣሥ አንድ የማዕድን ባቡር ከሀዲድ ወጥቶ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ሀዲድ አበላሸና ለሁለት ወር ያህል ወደ ናርቪክ የሚያልፍ ባቡር አልነበረም። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት መስመሩ ክፍት መሆኑን አጣሩ።

በስዊድን ለምትኖሩ ሐበሾች መንገዱ ቅርብ ነው። ከስቶክሆልም የሌሊት ባቡር ወደ ናርቪክ ይሄዳል፤ ከኪሩና በኋላ በቀኝ በኩል ተቀመጡ፣ ሐይቁ በዚያ ነው። ባቡራችሁ መተላለፊያ ላይ ሲቆም የማዕድኑ ባቡር በመስኮታችሁ ሥር ሊያልፍ ይችላል። አንስታችሁ ስትመለሱ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፦ ፎቶውን በስልካችሁ ውስጥ ስም አልባ አድርጋችሁ አትተዉት። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ባቡሩ ሙሉ ይሁን ባዶ፣ ወዴት ይሄድ እንደነበር ጻፉበት።